አልጋ ላይ የዋለ ሕመምተኛን በቤት ማስታመም፦ ከቅጥር እስከ ዕለታዊ ቁጥጥር

ከሆስፒታል «በቤት አስታሙ» ተብሎ የተሰናበተ ሰው ይዞት የሚመጣው አንድ ፌስታል መድኃኒትና አንድ የመውጫ ወረቀት ነው። ቤት ሲደረስ አልጋ ይነጠፋል፣ ለደላላ ይደወላል፣ አስታማሚ ትገባለች፣ ጠያቂ ይጎርፋል። ከዚያ በኋላ የሚከተሉት ጉዳቶች የታወቁ ናቸው፤ የአልጋ ቁስል፣ ወደ ሳንባ የሚገባ ምግብ፣ የተዘለለ ወይም የተደረበ መድኃኒት፣ በቱቦ በኩል የሚገባ ኢንፌክሽን፣ መውደቅ። ከመውደቅ በቀር ሁሉም ቀድመው ምልክት ይሰጣሉ። ምልክቱ የሚያመልጠው እንዲያይ ተለይቶ የተመደበ ሰው ስለማይኖር ነው። ስለዚህ «አስታማሚዋ ደግ ናት ወይ?» ከማለት ይልቅ «ዛሬ ተረከዛቸውን ማን አየ? የትስ ጻፈው?» ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በስትሮክ፣ በዳሌ ስብራት ወይም በእርጅና ምክንያት አልጋ ላይ የዋሉ አዋቂዎችን በቤታቸው፣ በተለይም አዲስ አበባ ውስጥ፣ ለሚያስታምሙ ቤተሰቦች ነው። ሐኪሙ ለሕመምተኛው ለይቶ ያዘዘው ነገር ካለ እርሱ ይቀድማል።

ከሆስፒታል ሳትወጡ

የመውጫ ወረቀቱን ዋርድ ውስጥ ሆናችሁ አንብቡት። ያልተነበበ ጽሑፍ ካለ እዚያው አስነብቡ። የሽንት ወይም የአፍንጫ (ምግብ የሚገባበት) ቱቦ ካለ መቼ እንደገባ፣ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚቀየርና ማን እንደሚቀይረው በጽሑፍ ያዙ። የፈሳሽ ገደብ ካለ በሊትር ይነገራችሁ፤ «ውሃ አታብዙ» መለኪያ አይሆንም። ከሆስፒታል በፊት ይወስዱት ከነበረው መድኃኒት የትኛው እንደቆመ በስም ጠይቁ፤ ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ነርሷ ስትገለብጥ ወይም በቱቦ ስትመግብ ቆሞ ማየት አይበቃም። በቤት ያንን ሥራ የሚሠራው ሰው ራሱ መጥቶ በእርሷ ፊት ሁለት ሦስቴ ይሥራው፤ ስህተቱ እዚያው ይታረም።

አስታማሚ እና ነርስ

ሁለቱ ሥራቸው ይለያያል፣ ክፍያቸውም እንደዚያው። አስታማሚ የምታጥብ፣ የምታለብስ፣ የምትገለብጥ፣ የምትመግብ፣ ዳይፐር የምትቀይር፣ ተለይቶ የተዘጋጀ የሚዋጥ መድኃኒት የምትሰጥ፣ ሙቀትና ግፊት የምትለካ ናት። በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት፣ ቱቦ ማስገባትና መቀየር፣ ጥልቅ ቁስል ማጠብ ግን የሙያ ፈቃድ ያለው ነርስ ሥራ ነው። ኢንሱሊን ቤተሰብም ሆነ አስታማሚ ሊወጋ ይችላል፤ ግን በባለሙያ ፊት ተለማምዶ መሆን አለበት። ብዙ ቤት ውስጥ አስታማሚዋ «ነርስ ናት» እየተባለች የማትችለውን ትሠራለች፤ እርሷም እምቢ ለማለት ትፈራለች።

ነርስ ስትቀጥሩ የሙያ ፈቃዱን ዋናውን እዩ፤ ፎቶውን ከመታወቂያ ጋር አመሳክሩ፣ የሚያበቃበትን ቀንና የሙያ ዓይነቱን አንብቡ። በድርጅት በኩል ከሆነ የድርጅቱን ፈቃድ ከመጠየቅ ጋር ሦስት ነገር በውሉ ላይ ይጻፍ፦ የተመደበችው ስትቀር በስንት ሰዓት ውስጥ ተተኪ እንደሚመጣ፣ አስታማሚዎቹን የምትቆጣጠረው ነርስ በየስንት ቀኑ ቤት እንደምትመጣ፣ ሌሊት ስልክ የሚያነሳው ማን እንደሆነ። በደላላ በኩል የመጣች ከሆነ ደግሞ ዋስ መያዝ የተለመደ ነው። ዋሱ ግን ለጠፋ ዕቃ እንጂ ላልታወቀ ሥራ አይጠየቅም። ሥራውን የምትፈትኑት እናንተው ናችሁ።

አንድ ሰዓት ይበቃል። እጇን ሳይነገራት ታጠበች? ሕመምተኛውን ከመንካቷ በፊት ምን ልታደርግ እንደሆነ ነገረቻቸው? ስትገለብጥ ክንዳቸውን ጎተተች ወይስ አንሶላውን ተጠቀመች? ከዚያም አንድ ጥያቄ፦ «ስትመግቢያቸው ቢያስላቸው ምን ታደርጊያለሽ?» «ውሃ አጠጣቸዋለሁ» ካለች ስልጠና ያስፈልጋታል። ትክክለኛው መልስ መመገቡን አቁሞ፣ ቀና አድርጎ ይዞ፣ ሳሉ እስኪያበቃ መጠበቅ ነው።

ሌሊትና ቀን አንድ ሰው ብቻውን አያስታምም። በየ2 ሰዓቱ እየተነሳች የምታድር ሴት በሦስተኛው ቀን መድኃኒት ታሳስታለች፤ በሳምንቷ ትቆጣለች። ወይ ሁለት ፈረቃ ይሁን፣ ወይ ሌሊቱን ቤተሰቡ ይያዝ፣ የዕረፍት ቀኗም አስቀድሞ ይወሰን። ሥራዋ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ የቤቱ ምግብ፣ የጠያቂው ቡናና የልጆች ልብስ እርሷ ላይ ከወደቀ የሚቀረው የሕመምተኛው መገልበጥ ነው።

ክፍሉ

አልጋውን ከግድግዳ አላቅቁት፤ በሁለቱም ጎን ሰው መቆም አለበት። ሕመምተኛው አልጋው ጠርዝ ላይ ሲቀመጡ እግራቸው ወለሉን ሙሉ በሙሉ የሚረግጥ ከፍታ ይሁን። ምንጣፍና የኤሌክትሪክ ገመድ ከመንገዱ ይነሳ። መብራት ስለሚጠፋ ቻርጅ የሚደረግ መብራት አልጋው አጠገብ ይሰቀል። መራመድ የሚችሉ ከሆነ ነጠላ ጫማ አይጫሙ፤ ተረከዝ የሚይዝ፣ ሶሉ የማያንሸራትት ጫማ ይሁን። ሌሊት ሽንት ቤት ፍለጋ ሲነሱ መውደቅ የተለመደ ስለሆነ ፖፖ ወይም የሽንት ወንበር ከአልጋው ጎን አስቀምጡ። ከመቆማቸው በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ ይቀመጡ።

መድኃኒት

በአንድ ገጽ ላይ ሁሉንም ጻፉ፦ ስሙ፣ ለምን እንደታዘዘ፣ መጠኑ፣ ሰዓቱ፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ። ገጹ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ፎቶው በቤተሰቡ ስልክ ላይ ይኑር። ከሆስፒታል በፊት የነበረው መድኃኒት ሁሉ ከክፍሉ ይውጣ። ይህ ካልሆነ ለምሳሌ የግፊት መድኃኒቱ አምሎዲፒን በሁለት የተለያዩ የፋብሪካ ስሞች ከሁለት ጥቅል ይሰጥና ግፊታቸው ወርዶ ይወድቃሉ። ከፋብሪካው ስም ሥር በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ዋና ስም ማመሳከር ይህን ያስቀራል።

እኛ ቤት የሚበዙት ሁለት ስህተቶች ከሰዓትና ከዘመን አቆጣጠራችን የሚመጡ ናቸው። በፈረንጅ አቆጣጠር 8:00 ጠዋት ተብሎ የተጻፈው ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ «8» ብቻ አንብቦ ከምሳ በኋላ በ8 ሰዓት የሚሰጥ አለ። የስልክ ማንቂያም በፈረንጅ ሰዓት ስለሚሞላ ስህተቱ በየቀኑ ይደገማል። የግድግዳውን ገጽ በእኛ ሰዓት ብቻ ጻፉት፦ በቀን ሁለቴ የታዘዘው ጠዋት 2 እና ማታ 2፣ በየ8 ሰዓቱ የታዘዘው ንጋት 12፣ ቀን 8 እና ማታ 4። ሌላው የማብቂያ ጊዜ ነው። ጥቅሉ ላይ 06/2026 የሚለው በእኛ ሰኔ 2018 ዓ.ም. ገደማ ነው። 2018 ላይ ሆኖ ላነበበው ሰው ግን ገና ስምንት ዓመት የቀረው ይመስላል። እንክብሎቹን ስትቀበሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያለውን ወርና ዓመት በእስክሪብቶ ጥቅሉ ላይ ጻፉት።

የሰባት ቀን የመድኃኒት ሣጥን በሳምንት አንዴ አንድ ሰው ይሙላው፣ ሌላ ሰው ይቁጠረው። በደብተሩ ላይ ምልክት የሚደረገው ከተዋጠ በኋላ ነው፤ እጃቸው ላይ ሲቀመጥ አይደለም። ጉንጭ ውስጥ ተይዞ የሚቀር፣ ከትራስ ሥር የሚገኝ ክኒን ብዙ ነው። የተረሳውን ለማካካስ ሁለት አትስጡ። መፍጨት የሚቻለውን ፋርማሲውን ጠይቁ፤ ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራ ወይም ጨጓራን እንዲያልፍ የተሸፈነ ክኒን ሲፈጭ መጠኑ ባንዴ ይለቀቃል ወይም ይበላሻል። ሽሮፕ በመለኪያው ይለካ፤ የሻይ ማንኪያ 5፣ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ነው፣ ሲቀያየሩ ሦስት እጥፍ ይሆናል።

ኢንሱሊን ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። የበረዶ ቤቱን ግድግዳ እንዳይነካ በር ላይ አድርጉት፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ይጣላል። የተከፈተው ብልቃጥ ከፀሐይ ርቆ እስከ 28 ቀን ያገለግላል፤ የተከፈተበትን ቀን ጻፉበት። ደፍራሹ ኢንሱሊን በመዳፎች መሃል ቀስ ተብሎ ይንከባለላል እንጂ አይናጥም። መርፌው 1 ሚሊ ሊትሩ 100 ዩኒት የተጻፈበት የኢንሱሊን መርፌ ይሁን፤ በተራ መርፌ መለካት አይቻልም።

የስኳር መድኃኒት ወስደው ምግብ የዘገየባቸው ሕመምተኛ አደጋ ላይ ናቸው። ጾም ሲገባ ነገሩ ይብሳል፦ ኢንሱሊኑ ጠዋት ይወጋል፣ ምግቡ እስከ 9 ሰዓት ይቆያል። በረመዳንም ያው ነው። ከጾሙ በፊት ሐኪሙንም የንስሐ አባትን ወይም ኢማሙንም አነጋግሩ፤ ለሕመምተኛ ፈቃዱ አለ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ካያችሁ ስኳራቸውን ለኩ። ከ70 mg/dL በታች ከሆነና መዋጥ ከቻሉ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ ስጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ ለኩ፣ ካልተነሳ ድገሙት፣ ሲነሳ ምግብ ያስከትሉ። ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም አይሰጥ።

ጠበልም የሚጠጣ ፈሳሽ ነው። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ችግር ኖሮባቸው በቀን የተወሰነ ፈሳሽ ለተፈቀደላቸው በዚያው ልክ ውስጥ ይቆጠር፤ መድኃኒቱም አይቋረጥ። ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) ለሚወስዱ ደግሞ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም አይሰጡ። የጎመን መጠን አንድ ሳምንት በዝቶ ሌላ ሳምንት አይጥፋ፤ ባህላዊ መድኃኒት ካለ ለሐኪሙ ይነገር።

ቆዳ

የአገልግሎቱን ጥራት በዓይናችሁ የምታዩት እዚህ ነው። ቁስሉ የሚጀምረው አጥንት ቆዳን ከፍራሽ ጋር ሲያጣብቅና ደም ሲቋረጥ ነው። ጅራተ አጥንት፣ ዳሌ፣ ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚት፣ ትከሻ፣ ክርን፣ የጭንቅላት ጀርባ፣ በጎን ለሚተኙ ጆሮም ጭምር።

በየ2 ሰዓቱ ይገልበጡ። በወረቀት ላይ አንድ ሰዓት ሳሉና ከየቁጥሩ ጎን አቅጣጫውን ጻፉ፦ 1 ሰዓት ቀኝ፣ 3 ሰዓት ጀርባ፣ 5 ሰዓት ግራ፣ 7 ሰዓት ቀኝ እያለ ይዞራል። የምትገለብጠው ሰው ስትጨርስ ትፈርማለች። ሌሊት እንቅልፍ ስለሚያስፈልጋቸው፣ ፍራሹ ጥሩ ስፖንጅ ወይም የአየር ፍራሽ ከሆነና ቆዳቸው ንጹሕ ከሆነ፣ ነርሷ ተስማምታ ልዩነቱን ወደ 4 ሰዓት ማስፋት ይቻላል።

በጎን ስታስተኙ ሙሉ በሙሉ በዳሌ አጥንት ላይ አታሳርፏቸው። ከጀርባቸው ትራስ አስገብታችሁ ወደ 30 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብቻ ይበሉ። እጃችሁን ከጅራተ አጥንታቸው ሥር ስታስገቡ ያለችግር የሚያልፍ ከሆነ ልክ ነው። በጉልበቶቻቸው መካከል ሌላ ትራስ። በጀርባ ሲተኙ ከባታቸው ሥር በርዝመቱ ትራስ ይደረግና ተረከዙ አየር ላይ ይንሳፈፍ። በጓንት ውሃ ሞልቶ ከተረከዝ ሥር ማድረግና ቀለበት የሚመስል መቀመጫ መጠቀም የተለመዱ ናቸው፤ ሁለቱም ግፊቱን ወደ ጠርዙ ያዞሩታል እንጂ አያነሱትም፣ ተዋቸው።

ወደ አልጋው ራስ ስትስቡ በብብት አትጎትቱ። ከትከሻ እስከ ጭን የሚደርስ የታጠፈ አንሶላ ከሥራቸው ይኑር፤ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ፣ ጉልበት አጥፎ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ ያነሳል። መጎተት የላይኛውን ቆዳ ከሥሩ ያላቅቃል። ከምግብ ሰዓት ውጭ የአልጋው ራስ ከ30 ዲግሪ በላይ አይቁም፤ ወደ ታች ሲንሸራተቱ ጅራተ አጥንት ላይ ያው ጉዳት ይደርሳል። የአፍንጫ ቱቦ ላላቸው ግን ራሳቸው ከ30 ዲግሪ በታች አይውረድ፤ ስለዚህ እነርሱ ጅራተ አጥንታቸው ይበልጥ ይታይ።

ቆዳው በየቀኑ ጠዋት ሲታጠቡ በፀሐይ ብርሃን ይታይ። መጽሐፍት «መቅላት» ይላሉ፤ በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ አይታይም። ከአካባቢው ጠቆር ወይም ሐምራዊ ያለ፣ ከሌላኛው ጎን ጋር ሲነጻጸር የሞቀ ወይም የቀዘቀዘ፣ የጠጠረ ወይም የቦካ ሊጥ የመሰለ፣ ሲነካ የሚያም ቦታ ፈልጉ። ያ ቦታ ከጫና ተነስቶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ካልተመለሰ ቁስሉ ጀምሯል። በዚያ ጎን አይተኙ፤ ለነርሷ ይደወል። አይታሽ፤ ከሥር የተጎዳውን ሥጋ ማሸት ያብስበታል። ቆዳው ከተከፈተ አልኮል፣ በረኪና፣ የቡና ዱቄት፣ ጂቪ (ሐምራዊው የቁስል ቀለም) አይደረግበት፤ በንጹሕ ጨው ውሃ ታጥቦ ተሸፍኖ ነርስ ይጠበቅ። ክፉ ሽታ፣ መግል፣ ጥቁር ሥጋ ወይም ትኩሳት ካለ ወደ ሐኪም ነው።

ዳይፐር በተገለበጡ ቁጥር ይታይ፤ ሲቆሽሽ ወዲያው ይቀየር። ሴቶች ከፊት ወደ ኋላ ይጠረጉ። ካደረቃችሁ በኋላ ስስ ቫዝሊን ወይም የዚንክ ቅባት ቀቡ። «ሌሊት እንዳይፈስ» ተብሎ ሁለት ዳይፐር መደራረብ እርጥበቱንም ሙቀቱንም ይይዛል።

የአየር ፍራሽ መገልበጥን አይተካም። መንፋቱን ለማረጋገጥ መዳፋችሁን ወደ ላይ አዙራችሁ ከፍራሹ ሥር በጅራተ አጥንታቸው ትክክል አስገቡ፤ ሰውነታቸው እጃችሁ ላይ ከተሰማ አየሩ አንሷል። መብራት ሲጠፋ ስለሚሟሽሽ ከሥሩ የስፖንጅ ፍራሽ ይኑር።

ምግብ፣ አፍና የአፍንጫ ቱቦ

ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ስትሮክ ለመታው ሰው ግን የሞላ ጉርሻ ትንታ ነው። ጠያቂዎች አጉራሽ እንዳይሆኑ በግልጽ ንገሯቸው፤ ቅር ቢላቸውም። የሚመግበው አንድ ሰው ይሁን። ሕመምተኛው ወደ 90 ዲግሪ ይቀመጡ፣ አገጫቸው በትንሹ ወደ ደረት ዝቅ ይበል፤ በሻይ ማንኪያ ግማሽ ያህል፣ ፊታቸው በጎን ደካማ ከሆነ በጠንካራው ጎን ስጧቸው። የመጀመሪያው ተውጦ አፋቸው ባዶ መሆኑን አይታችሁ ሁለተኛውን። ከበሉ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይተኙ ይቆዩ።

ተራ ውሃ ከገንፎ ይበልጥ ወደ ሳንባ የሚገባ መሆኑ ብዙ ሰው ይገርመዋል፤ ፈጥኖ ስለሚፈስ ጉሮሮ ሳይዘጋ ይደርሳል። በውሃ የሚያስላቸው ከሆነ በሐኪሙ ምክር ወፈር ያለ አጥሚት መሰል ፈሳሽ ይሞከር። ከበሉ በኋላ ድምፃቸው ውሃ ውሃ ካለ፣ ትንፋሻቸው ከፈጠነ፣ ምግብ ባለቀ በሰዓታት ውስጥ ሙቀት ከመጣ በአፍ መመገብ ይቁምና ይታከሙ። ጥርስና ምላስ በቀን ሁለቴ ይጽዳ፤ በአፍ የማይበሉትም ጭምር፤ ከቆሸሸ አፍ የሚወርደው ምራቅ የሳንባ ምች ያመጣል።

በአፍንጫ ቱቦ ለሚመገቡ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

1. ቱቦው ከአፍንጫ በሚወጣበት ቦታ በማርከር ምልክት ይደረግበት። ምልክቱ ከተንቀሳቀሰ፣ ቱቦው አፍ ውስጥ ከተጠቀለለ፣ ወይም ካሳላቸው ምንም አታስገቡ፤ ነርስ ይጠራ። አየር በመርፌ ገፍቶ በሆድ ላይ ድምፅ መስማት ቦታውን አያረጋግጥም፤ ከቱቦው የተሳበው ፈሳሽ የአሲድነትን መጠን በሚያሳየው የፒኤች ወረቀት 5.5 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ጨጓራ ውስጥ ለመሆኑ የተሻለ ማስረጃ ነው።
2. ራሳቸውን ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ አድርጉ።
3. 30 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ አሳልፉ።
4. ተጠልሎ የቀጠነ፣ ለብ ያለ ምግብ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር በራሱ ክብደት በ20 እና 30 ደቂቃ መካከል ይውረድ። በመርፌ ገፍቶ መጨረስ ያስመልሳል።
5. እንደገና 30 ሚሊ ሊትር ውሃ፤ ክዳኑ ይዘጋ፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ቀና ብለው ይቆዩ።

በወንፊት ያልተጠለለ አጥሚትና ያልደቀቀ ክኒን ቱቦውን ይደፍናሉ። መድኃኒት አንድ በአንድ እየተሰጠ በመካከሉ በውሃ ይታጠብ እንጂ ሁሉም ባንድ ላይ አይቀላቀል። ቱቦውን እንዳይነቅሉ እጃቸውን ማሰር አይፈቀድ፤ የሚያሳክካቸውን ፕላስተር ቀይሩ፣ ወይም ለስላሳ ጓንት አልብሷቸው።

የሽንት ቱቦ

ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛ በታች ይሁን፣ ወለል ግን አይንካ። በጉዞ ላይ ጭናቸው ላይ አድርጎ መሸከም ሽንቱን ወደ ኋላ ይመልሳል። ሁለት ሦስተኛው ሳይሞላ ባዶ አድርጉት፤ ቱቦውንና ከረጢቱን አታለያዩ። በቀን አንዴ ከሰውነት በሚወጣበት ቦታ በሳሙናና ውሃ ይታጠብ፣ ጭን ላይ ይታሰር። ለ4 ሰዓት ሽንት ካልመጣ መጀመሪያ መታጠፉን ወይም ሕመምተኛው ላዩ ላይ መተኛታቸውን እዩ፤ ያም ሆኖ ካልመጣና ሆድ ከተነፋ ነርስ። ከላቴክስ (ከጎማ) የተሠራው ቱቦ ከሲሊኮኑ ቶሎ ይቀየራል፤ ለዚህ ነው የገባበት ቀን መጻፍ ያለበት።

እጅ፣ በረኪና፣ መርፌ

እጅ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ከ40 እስከ 60 ሴኮንድ ይታጠባል። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ቤት ቧንቧ ያለው 20 ሊትር ጀሪካን ከክፍሉ በር ላይ አስቀምጡ፤ ከጎኑ የአልኮል ሳኒታይዘር። ጓንት መታጠብን አይተካም፤ በዳይፐሩ ጓንት የምግብ ማንኪያ የሚነሳበት ቤት በሽታው ከመጣ በኋላ ምክንያቱ አይገኝም።

5 በመቶ የሆነ በረኪና አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ደም ወይም ሰገራ የነካውን ቦታ ለ10 ደቂቃ ይሸፍናል፤ መጀመሪያ ቆሻሻው ይጠረግ። ለታጠበ አንሶላ አንድ እጅ በ99 እጅ ውሃ ይበቃል። በጠርሙሱ ላይ ያለው መቶኛ የተለየ ከሆነ ልኩም ይለወጣል። በየቀኑ አዲስ አዘጋጁ፤ ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር አትቀላቅሉ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። የተወጋ መርፌ ክዳኑ አይመለስበት። ወፍራም የበረኪና ጀሪካን ውስጥ ይጣል፤ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ተከድኖ ወደ ጤና ተቋም ይመለስ፤ ከቤት ቆሻሻ ጋር አይውጣ።

ኦክስጅንና ከሰል

ከኦክስጅኑ ከ3 ሜትር ባነሰ ርቀት ሻማ፣ ጧፍ፣ እጣን፣ ከሰል፣ ሲጋራ አይኑር። በሕመምተኛ ክፍል ቡና ማፍላት ያለ ኦክስጅንም ቢሆን ይቅር፤ በተዘጋ ክፍል የከሰል ጭስ የሚገድለው መነሳት የማይችለውን ሰው አስቀድሞ ነው። የኦክስጅኑን ቫልቭ ቫዝሊን በነካ እጅ አትንኩ።

ሲሊንደሩ ስንት ሰዓት እንደሚያቆይ አስቀድማችሁ አስሉ፦ የሲሊንደሩ ሊትር በግፊቱ ባር ይባዛል፣ በደቂቃ በሚፈሰው ሊትር ይካፈላል፤ የሚገኘው ደቂቃ ስለሆነ ለ60 ተካፍሎ ሰዓት ይሆናል። 10 ሊትር ሲሊንደር በ150 ባር 1500 ሊትር ይሰጣል፤ በደቂቃ 2 ሊትር ሲፈስ 12 ሰዓት ተኩል። በመብራት የሚሠራ ኮንሰንትሬተር (ኦክስጅንን ከአየር የሚያጣራ ማሽን) ያላችሁ ደግሞ መብራት ቢጠፋ ቢያንስ አንድ ሌሊት የሚያሻግር ሲሊንደር ከጎን ይኑር። ፍሰቱን በራሳችሁ አታሳድጉ፤ ለአንዳንድ የሳንባ ሕመምተኞች ከልክ ያለፈ ኦክስጅን ትንፋሻቸውን ያደክማል። ኦክስጅንን የሚለካው የጣት መለኪያ በቀዘቀዘ ጣትና ቀለም ወይም እንሶስላ ባለበት ጥፍር ያሳስታል፤ ጣቱን አሙቁ ወይም ቀይሩ።

ደብተሩ

አንድ ተራ ደብተር፣ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ። ግፊት፣ የልብ ምት፣ ሙቀት፣ እንደታዘዘው ስኳርና ኦክስጅን፤ የተገለበጡበት ሰዓት፤ የበሉትና የጠጡት በሚሊ ሊትር፤ ሽንት፤ ሰገራ፤ ቆዳ፤ መድኃኒት፤ የጻፈው ሰው ስም። ግፊት የሚለካው 5 ደቂቃ አርፈው፣ ክንዳቸው በልብ ትይዩ ሆኖ፣ ሳያወሩ ነው።

ደብተሩን ማንበብም ይለመዳል። ለሦስት ቀን 120/80 ብቻ ከተጻፈ አልተለካም። የሌሊቱ ፊርማዎች በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ተከታትለው ከተጻፉ ጠዋት ላይ ተሞልተዋል። የገባው ምግብ ደህና ሆኖ ክብደታቸው ከቀነሰ ወይ አይበሉም፣ ወይ ምግቡ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ውጭ አገር ሆናችሁ የምትከፍሉ ልጆች ገንዘቡ መድረሱን ከመጠየቅ ባሻገር የዕለቱን ገጽ ፎቶ በቴሌግራም ይላክላችሁ፤ በሳምንት አንዴም በቪዲዮ ስትደውሉ ሰዓቱን ሳታሳውቁ ይሁን፣ ተረከዛቸውንና ጅራተ አጥንታቸውን ክብራቸውን ጠብቆ በተሸፈነ ሁኔታ ቤተሰብ ያሳያችሁ።

ያልተብራራ በለዝ፣ በተለይ ክንድ ላይ የጣት ቅርጽ ያለው፤ አንድ ሰው ሲገባ ዝም ማለትና መኮማተር፤ በቀን ከመጠን ያለፈ እንቅልፍ በቸልታ አይታለፉ። ሕመምተኛውን ለብቻቸው አነጋግሩ። የባንክ ካርድና የሚስጥር ቁጥር ለአስታማሚ አይሰጥ፤ ይህ እርሷንም ከሐሜት ይጠብቃል።

መቼ ይደወላል

ፊት በአንድ ጎን ሲወርድ፣ ክንድ ሲዝል፣ ንግግር ሲንተባተብ ደህና ሆነው የታዩበትን የመጨረሻ ሰዓት ጻፉና ወዲያው ውጡ፤ ስትሮክ ላይ መድኃኒቱን የሚወስነው ያ ሰዓት ነው። የደረት ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ሐኪሙ የተለየ ቁጥር ካልሰጠ ከ90 በታች የወረደ ኦክስጅን፣ የማይቆም ደም፣ ራስን መሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ ወድቀው ጭንቅላታቸውን መምታት (ዋርፋሪን ላይ ላሉ ቁስል ባይታይም) እዚሁ ውስጥ ናቸው። ግፊት 180/120 ካለፈ 5 ደቂቃ አሳርፋችሁ ድገሙ፤ ካልወረደ ለሐኪሙ ደውሉ፣ ከራስ ምታት፣ ከደረት ሕመም ወይም ከመደንዘዝ ጋር ከሆነ ግን ሆስፒታል። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሙቀት፣ ሁለት ጊዜ ከ300 በላይ የሆነ ስኳር፣ ድንገተኛ ግራ መጋባት በዚያው ቀን ለሐኪም ይነገር። አዛውንት ላይ የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን ያለ ትኩሳት፣ በመቃዠት ብቻ ሊጀምር ይችላል።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939 ነው፤ ሁለቱም ግድግዳው ላይ በትልቁ ይጻፉ። ስትደውሉ ክፍለ ከተማና ወረዳ ተናገሩ፤ የቤት ቁጥር መኪናውን አያደርስም፣ በቅርብ ያለ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ትምህርት ቤት ጥቀሱ፣ አንድ ሰው ደግሞ አስፋልት ድረስ ወጥቶ ይቁም። የመድኃኒቱ ገጽ፣ ደብተሩ፣ የመውጫ ወረቀቱና የመድኃኒት ሣጥኑ በአንድ ፌስታል ተዘጋጅተው በሩ ጀርባ ይንጠልጠሉ።